ሰው ሳይሞላ አይነሳም

በድሬዳዋ የትኩሳቱ ወቅት ከመግባቱ በፊት የእምቢታ ሰሞን ይገባል። በዚህ ሰሞን አንዳንድ ሰዎች ቤታቸውን ይጠርጋሉ፣ ሸሚዛቸውን ይተኩሳሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልነኩትን ብርጭቆ ከቁም ሣጥን አውጥተው ያጥባሉ። ከዚያ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁናል። እኛ አግባቢዎች ነን። ሥራችን ክትባት እምቢ ያለ ሰው ቤት ሄዶ መለመን ነው።

ቀልድ የሚመስለው ካለ አያቶቹን ይጠይቅ። መሥሪያ ቤታችን ያልሞከረው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ቀጣ፤ ያልተከተበ ሰው አሳንሰር እንዳይታዘዘው ተደረገ፣ ሰዉም ደረጃ መውጣት ለጤና ጥሩ ነው እያለ እስከ ላይኛው ፎቅ በእግሩ ወጣ። ቀጥሎ ሸለመ፤ ሰዉ ሽልማቱን ተቀብሎ "ነገሩ ደህና ቢሆን ለምን ይሸልሙን ነበር?" አለ። ቀጥሎ ሐኪሞች በየቤቱ ግድግዳ ላይ ብቅ እያሉ ማስረዳት ጀመሩ፤ ሰዉ ግድግዳውን ወደ ኳስ ጨዋታ ቀየረው። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ "ለምን እንደ ወጉ ሽማግሌ አይላክም?" ብሎ ጠየቀ። ተላከ፤ ሠራም።

ደንቡ አጭር ነው። ሦስት ሰዎች እስከ ሦስት ቀን ይመላለሳሉ። ልጃችሁን ለልጃችን እንደሚባለው ሁሉ በር ላይ ቆመው "ሳትሰሙን አንቀመጥም" ይላሉ። የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም፤ ብላ ሲሉት "ጠግቤያለሁ" እንደሚል እንግዳ፣ የጨዋ ሰው እምቢታ ነው። በሁለተኛው ምክንያት ይጠየቃል። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ማንም አይመለስበትም፣ ማንም አይቆጣውም። እሺ ያለ ደግሞ ክንዱ ላይ መርፌን የተካው የክትባት ልጥፍ ይለጠፍለታል፣ እኛም ወደ ቀጣዩ ቤት እንሄዳለን።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሳቢያን ሰፈር ሰውዬ ሦስት ለባብሰው የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ሲያይ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ "ሰጥቻለሁ!" አላቸው። ልጁን ማለቱ ነበር። ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ "ለማን?" ብትል መልስ የሚሰጣት ጠፋ። ሰውየው ከሐፍረቱ የተነሳ ያኔውኑ ክንዱን ዘረጋ፤ ልጅቷም እየሳቀች ተለጠፈች። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሠልጣኞች ሁሉ እነግራቸዋለሁ።

ሶሊያና እባላለሁ። የእኔ ዕድሜ ሴቶች ስማቸው እንዲህ ነው፤ ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ ሜላት። ወጣቶቹ ደመቀችና ባንቺአየሁ ናቸው። ስም እንደ ልብስ ነው፣ ዞሮ ይመጣል። አብረውኝ የሚሠሩት ጡረታ የወጣው የፊዚክስ አስተማሪ ባሮክና ነርስ የነበረችው ኢክራም ናቸው። ባሮክ ይናገራል፤ ረጅም ንግግር አለው፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። ኢክራም ታዳምጣለች፤ ሲያስቅ ደግሞ ሕንፃው እስኪሰማ ትስቃለች። እኔ ማን ምን እንደሚፈራ አሸታለሁ። ስለ ራስ መናገር ደስ አይልም እንጂ፣ በዚህ ከተማ የእኔን ያህል የሚያሸት የለም።

እምቢታው መቼም ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዲት ወጣት ዘፋኝ "ድምፄን ቢያጎረናናውስ?" አለችን። ኢክራም "እስቲ ዝፈኚልን" አለቻት፣ ዘፈነች። ከተለጠፈች በኋላ ተመልሰን አሁንም አዘፈንናት፤ ያኔም ከቅኝት ትወጣ ነበር፣ አሁንም ትወጣለች። አንድ የመጋላ ሰፈር ልጅ ልጥፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሐላል መሆኑን ካላወቅሁ አለ፤ የሰፈሩ ሼክ ከኢክራም ጋር ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ካዩት በኋላ ቀድመው የራሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ሌላ ቤት ደግሞ ልጁ እሺ ብሎ ወላጆቹ እምቢ ስላሉ፣ ልጁ ራሱ እኛን ወደ አባትና እናቱ ሽማግሌ አድርጎ ላከን። እናቱ "ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር ሰጡኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ አተኮሰኝ። ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። የጠየቀኝም የለም" አለች። እኛ ጠየቅናት፤ ነገርናትም። በሦስተኛው ቀን እሺ አለች። ባሏ አላለም፤ ሻዩን ጠጥተን፣ ተመራርቀን ወጣን።

አንድ ነገር ግን በስብሰባችን ላይ አይነሳም። በዘመናችን ሰው ሰው ቤት አይሄድም። የከለከለ የለም፤ አላስፈለገም። ልደቱም፣ እንኳን ደስ ያለህም፣ ለቅሶውም በግድግዳ ያልቃል። ለቅሶ ላይ ፊትህ ያላዘነ እንደሆነ ግድግዳው ራሱ አሳዝኖ ያሳይልሃል። ስለዚህ በር የሚያንኳኳ ሰው ከመጣ ወይ ቧንቧ ሠሪ ነው ወይ አግባቢ። ብቻቸውን የሚኖሩ እምቢተኞችም በየዓመቱ እየበዙ ሄደዋል። ይህን እያወቅሁ አባቴ ላይ ግን አላሸተትኩትም።

አባቴ ናታን ሰማንያ ሊሞላው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ በገዛ እጃቸው ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዱ ነው፤ ባጃጆቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ መሪውን በእንባ ነው ያስረከበው። ሁለት ነገር ግን አላስረከበም። አንዱ የኋላው መቀመጫ ነው፤ ሳሎኑ መሀል ተክሎታል፣ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይይዛል። ሌላው ኋላ የሚያሳየው መስታወት ነው፤ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። እሱ ከፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እንግዳው ከኋላው፤ ጨዋታው በመስታወት ነው። እንግዳን ጀርባ ሰጥቶ መቀበል በማንም ሰው ቤት ነውር ነው፣ በአባቴ ቤት ግን ክብር ነው።

የምንኖረው አንድ ሕንፃ ላይ ነው፣ እሱ ከእኔ በላይ። ጠዋት ጠዋት በግድግዳ "እንዴት አደርክ አባዬ?" እለዋለሁ፣ "ደህና፣ አንቺስ?" ይለኛል፣ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። ክትባቱን ደግሞ አግባቢ መላክ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ በየዓመቱ ሦስቴ እምቢ ይላል። ደንቡ ዘመድ ዘመዱን እንዳያግባባ ስለሚከለክል፣ የእሱ ተራ ሲደርስ እኔ ከእምቢተኛው ወገን በር አጠገብ ኩርሲ ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ክትባቱ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልኝም። በእኔ ቦታ ሰው አይተካም፤ ባሮክና ኢክራም ሁለት ሆነው ይለምኑታል።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ተናድጄ እተወው ነበር። ዘንድሮ ግን ልጄ ደመቀች ልትወልድ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ከእምቢታው ሰሞን ጀምሮ ወቅቱ እስኪያልፍ ላልተከተበ ሰው በሩ አይከፈትም። እዚህ ላይ ልመና የለም፣ እኔም ልክ ነው እላለሁ፤ ያ ትኩሳት በአራስ ልጅ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። እስከዚያ የሚወለደው ሕፃን ድክ ድክ ሊል ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ለቀረበ ሰው ደግሞ "ለሚቀጥለው" ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። አባቴ የልጅ ልጁን ልጅ ይታቀፍ ወይስ አይታቀፍ፣ ጉዳዩ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አባቴ ኮቱን ለብሶ ጠበቀን። ሳምቡሳ ጠብሷል።

"ሳይሰሙን አንቀመጥም" አለ ባሮክ፣ በሥልጠናው መሠረት።

"ኧረ ግቡ! ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ ከኋላ ሰው አለ" አለ አባቴ በመስታወቱ እያያቸው።

"ጋሽ ናታን፣ እርስዎ ለዚህ ከተማ..."

"አቦ፣ እርስዎ የምትለው ማንን ነው? እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ኢክራም በሳቅ ፈነዳች። የድሬ ሰው ማንንም አንተ ነው የሚለው፤ ባሮክ ግን ሥልጠናውን ሌላ ከተማ ነው የወሰደው፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ጉሮሮውን ጠርጎ ሙሉውን ንግግር አሰማ። አባቴ አንዲት ቃል ሳያቋርጥ አዳመጠው። ሲያበቃ የመስታወቱን ጠርዝ ትንሽ ገፋ አድርጎ መቀመጫውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ።

"ጥሩ ተናገርክ" አለ። "ግን አልነሳም። ሰው አልሞላም።"

እንደ ልማዱ ቀለደ ብዬ ኩርሲዬ ላይ ጥርሴን ነከስኩ። እነሱ ሳምቡሳውን ጨርሰው፣ ሦስት አገር የሚያዳርስ ወሬ አውርተው ወጡ። በሩን ዘግቼ ስወጣ አባቴ ብርጭቆ እያጠበ ያፏጭ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ባሮክ አዲስ መግቢያ አዘጋጅቶ መጣ። ኢክራም ግን ቀደመችው።

"ናታን፣ ዛሬ ምክንያት የሚጠየቅበት ቀን ነው። ትፈራለህ?"

"ምኑን?"

"ልጥፉን።"

"በዚህ ዕድሜ? ልጅ ሳለሁ በመርፌ ተወግቼ ያልፈራሁ!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ነገርኳችሁ እኮ፤ ሰው አልሞላም።"

ባሮክ "ይህ በሳይንስ ምክንያት አይባልም" አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ትንፍሽ ማለት ስለማልችል ጣሪያውን አየሁ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ጣሪያውን ሳይ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መለሰና ሻይ ቀዳላቸው።

በዚሁ መሀል ደመቀች ወለደች፣ ሴት። የባሏ የሙክታር እናት ደስታውን አልቻለችውም፤ እልልታዋ በግድግዳ አልፎ እኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ገንፎው ተገነፋ፣ እኔም መጋላ ሄጄ ልጅቷን ታቀፍኳት፤ ጉንጯ የአባቴ ነው። ወዲያው አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንድትታይ አደረግን። አባቴ ግን በእጁ ዓይኑን ጋረደ።

"አጥፉልኝ" አለ። "ልጅ በግድግዳ አይታይም።"

አጠፋን። ሙክታር ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ግድ የለም፣ ነገ ሦስተኛው ቀን ነው" አለኝ። ልክ ነው፣ ነገ ሦስተኛው ቀን ነበር። ነገ እምቢ ካለ አለቀ።

ከመጋላ ስመለስ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ደንቡን ሰብሬ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው ቆርጬ ወደ እሱ ፎቅ ወጣሁ። በሩ እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፁ ይሰማል፤ ሰው ያለ መስሎኝ ቆምኩ።

"...ቀስ በል ትላለች፤ እናቷ ደግሞ ፍጠን ትላለች። እኔ ማንን ልስማ? ድልድዩ ላይ ልትወልድብኝ ነው እኮ!"

ብቅ ብዬ አየሁ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ወደ መስታወቱ ያወራል። ከኋላው መቀመጫው ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባጃጅ ሰው ሳይሞላ አይነሳም። መቀመጫው የሦስት ሰው ነው። ባሮክና ኢክራም ሁለቱን ይዘዋል፤ ሦስተኛው በየዓመቱ ባዶውን ሲቀመጥ፣ እኔ በር አጠገብ ኩርሲ ላይ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዓመት እስከ ዓመት ያን መቀመጫ አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። እንባዬ መጣ። ግን የባጃጅ ሾፌር ቤት ቆሞ ማልቀስ ምንም አይረባም። በሩን አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ሄጄ ከኋላው ተቀመጥኩ።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቹ አገኙኝ።

"ማን ላከሽ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ለሥራ ነው?"

"አይደለም፣ አባዬ።"

ኮቱን አስተካከለ። ሁለት እጁን የሌለ መሪ ላይ አደረገ።

"ወዴት ነው?"

"መጋላ። ደመቀች ጋ።"

ተነሳን። በለገሃር በኩል አደረገ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንዱን እግረኛ ተሳደበ፣ ከዚራ ሲደርስ ጥላ ጥላውን ያዘ። ዛሬ የተቆረጡትን ዛፎች ሁሉ አንድ በአንድ በቦታቸው አቆማቸው። እዚህ ጋ ሎሚ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ እዚህ ጋ እናትሽን አስቁሜ "ልሸኝሽ" ብላት "በእግሬ እሄዳለሁ" አለችኝ፣ እስከ ቤቷ ድረስ በባጃጅ አጠገቧ ተጎተትኩ። ሳቅሁ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመ።

"ሶልዬ" አለኝ። "ከጠዋት እስከ ማታ ከኋላዬ ሰው ነበር። የማላውቀው ሰው ሁሉ ገብቶ ሆዱን ይነግረኝ ነበር። አሁን እሺ ካልኩ ማን ያንኳኳልኛል? እሺ ያለ ሰው ቤት ማን ይሄዳል?"

ሙያዬን አውቀዋለሁ፤ ደንባችን ውስጥ እሺ ያለ ሰው ቤት የሚኬድበት ቦታ የለም። እሺ ሲል ትተነው እንሄዳለን። ስለ ክትባቱ መናገር ብፈልግም አይፈቀድልኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ በዚያ ሰዓት ክትባቱ ትዝም አላለኝ።

"ልጅቷ ጉንጯ ያንተ ነው" አልኩት።

"ድሮስ የማን ሊሆን ኖሯል?" አለና ሞተሩን እንደገና አስነሳ። መጋላ ስንደርስ "ደረስን፣ ውረጂ" አለኝ። አልወረድኩም። ሻይ አፈላልኝ፣ እዚያው ተቀምጬ ጠጣሁ።

በነጋታው ባሮክና ኢክራም መጡ። ባሮክ ሌሊቱን ንግግሩን ሲያሳምር ማደሩ ከዓይኑ ያስታውቃል። በሩ ላይ ቆመ፣ "ሳይሰሙን አንቀመጥም" አለ፣ ገቡ፣ ተጠጉ። እኔም ኩርሲውን አልፌ ሄድኩና ከኢክራም ጎን ቁጭ አልኩ።

"ሶሊያና!" አለ ባሮክ ደንግጦ። "ደንቡ..."

"እኔ ዛሬ አግባቢ አይደለሁም" አልኩት። "ተሳፋሪ ነኝ።"

አባቴ መስታወቱን ገፋ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አየን። ባሮክን አየ፣ ኢክራምን አየ፣ እኔን አየ። እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

"ሞላ" አለ። "ልጥፉን አምጡ፣ እንሂድ።"

"ገና መች ለመንንህ!" ብሎ ጮኸ ባሮክ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው።

"አቦ፣ እየሄድን ትናገራለህ።"

ኢክራም እየሳቀች ክንዱ ላይ ለጠፈችለት። ባሮክ ደግሞ ተነስቶ ንግግሩን ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መደምደሚያው አንድ ሳያስቀር አሰማ፤ "እምቢ ማለትዎን ብንረዳም" የሚለውን ክፍል እንኳ አልዘለለም። አባቴ በየመሀሉ "ልክ ነህ፣ ልክ ነህ" ይለው ነበር።

ስንወጣ ኢክራም ደረጃው ላይ ቆመች። "አሁን ይኼ ሰው ቤት ሁለተኛ አንመጣም ማለት ነው?" አለች።

ከዚያ ወዲህ ግን እሺ ያሉትንም ቤት እናንኳኳለን። መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን ሲጠይቀን "መንገዳችን ላይ ነው" እንላለን። ዘፋኟ አሁንም ከቅኝት ትወጣለች፣ ቁጭ ብለን እንሰማታለን።

አባቴ መጋላ የሄደው ልጥፉ መሥራት በጀመረ ዕለት ነው። ሲወጣ መስታወቱን ከግድግዳው ነቅሎ በብብቱ ያዘ። የአራሷ በር ተከፈተለት። ደመቀች አልጋዋ ላይ ነበረች፤ የሙክታር እናት "ማሻአላህ" እያለች ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አባቴ ጉንጯን አየ፣ የራሱን ጉንጭ በእጁ ነካ፣ እንባውን አላበሰውም። ከዚያ ሙክታርን መስታወቱን መስኮቱ ላይ አሰቀለው፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ ተቀመጠ፣ ልጅቷንም ፊቷን ወደ መንገዱ አዞራት።

ከኋላው አልጋው ላይ ደመቀች አለች፣ ሙክታር አለ፣ እናቱ አለች፣ እኔ አለሁ። በሩ ተንኳኳ፣ ኢክራም ገባችና ተጠጋች። ከእሷ ኋላ ባሮክ ገንፎ የተቀባ ጢሙን እየጠረገ መጣና ጫፉ ላይ ቂጡን አሳረፈ። አልጋው ሲጥ አለ።

አባቴ በመስታወቱ አየን።

"ይኼማ ትርፍ ነው" አለ። "ትራፊክ ቢያየኝ ያስቆመኛል። አንድ ሰው ይውረድ።"

ማንም አልወረደም።